በአረንጓዴ ላይ ቀይ አይጻፍ፦ ለዓይን የሚመች የአማርኛ ማስታወቂያ እንዴት ይዘጋጃል?

የእድራችንን የስብሰባ ጥሪ በስልክ እንዳዘጋጅ በታዘዝኩ ጊዜ መደቡን አረንጓዴ፣ ፊደሉን ቀይ፣ ዙሪያውን ቢጫ አደረግሁት። ባንዲራችን አምሮ ሳለ ጥሪው ለምን አያምር ብዬ ነው። የእድሩ ዳኛ ስልካቸውን አንዴ አስጠግተው፣ አንዴ አርቀው ሲያዩት ቆዩና «ልጄ፣ እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የምሠራው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ጽሑፉን በነጭ መደብ ላይ በጥቁር ጽፈው ይጨርሱ። ምን፣ የት፣ ስንት ሰዓት የሚሉት ነገሮች ቦታቸውን ሳይዙ ቀለም አይንኩ።

ቀጥሎ መደቡንና ፊደሉን ያጣምሩ። ንባብን የሚያቀለው የቀለሙ ዓይነት ሳይሆን በሁለቱ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ነው። ልዩነቱ በቁጥር ይለካል፦ ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ 1 ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ የለም። ለድረ ገጾች የወጣው ዓለም አቀፍ የተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ለትልልቅ ፊደላት ደግሞ 3 ለ 1 ይጠይቃል። ደማቅ ቢጫ በነጭ ላይ 1.1 እንኳን አይሞላም። ደማቅ ቀይ በጠቆር ያለ አረንጓዴ ላይ፣ ማለትም የእኔው ጥሪ፣ 1.3 ገደማ ነው። በዚያ ላይ ቀይና አረንጓዴን አጥርተው የማይለዩ ሰዎች አሉ፤ በተለይ ወንዶች። የባንዲራውን ቀለማት ከወደዱ በዳር በቀጭኑ ያስምሯቸው፤ ጽሑፉን ግን አያስነኩ።

መለኪያ ከሌለዎት ስልክዎ ይበቃል። የሠሩትን ምስል በፎቶ ማስተካከያው ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጡት። ፊደሉ ከመደቡ ጋር ተዋህዶ ግራጫ ከሆነ ምርጫው አልሠራም። እኔ ያን ጥሪ እንዲህ ባየው ኖሮ ከመላኬ በፊት ባፈርኩ ነበር።

ቀይን ይቆጥቡ። የብራና ጸሐፊዎች ንባቡን በጥቁር ጽፈው ቀይ ቀለምን ለርእስና ለቅዱሳን ስም ያስቀምጡት ነበር፤ ቀይ የሚታየው ጥቂት ሲሆን ነውና። ብራናውም ወደ ቢጫ የሚያደላ በመሆኑ ዓይን አይወጋም፤ በስክሪን ላይም ድፍን ነጭ ከከበደዎት ትንሽ ክሬም ይጨምሩበት። ገጹን ብዙውን ጊዜ በሁለት ዓምድ ይከፍሉት ስለነበር መስመሩ አጭር ነው፤ ይህንንም ይውሰዱ። ታዲያ «አስቸኳይ» የሆነውን ነገር በቀይ ብቻ አያመልክቱ፤ ቃሉንም ይጻፉት።

አሁን ወደ ፊደሉ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ የለውም፤ ልዩነቱን የሚሸከሙት ጥቃቅን ቅጥያዎች ናቸው። «ቡ» ቅጥያዋ ከወገቧ፣ «ቢ» ከእግሯ ነው፤ «ቤ» ደግሞ እግሯ ላይ ቀለበት አላት። ፊደሉ ሲያንስ ወይም ሲወፍር ቀለበቷ ይደፈንና «ቤት» «ቢት» ይሆናል። ስለዚህ መጠኑን ለላቲን ፊደል ከሚመርጡት ከፍ ያድርጉ፤ በመስመሮች መካከልም ሰፋ ያለ ክፍተት ይተዉ። ከጽሑፉ በስተጀርባ ፎቶ አያስገቡ፤ የአበባው ቅጠል ሁሉ ቅጥያ ይመስላል። ጥላና ነጸብራቅ የሚባሉትን ጌጦችም ይተዉ።

በመጨረሻ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሰው፣ ስልኩን ይዘው ፀሐይ ላይ ይውጡ። ከዚያ ከቤተሰቡ በዕድሜ ለሚበልጡት ይላኩላቸውና «ስብሰባው ስንት ሰዓት ነው?» ብለው ይጠይቋቸው። መነጽር ፍለጋ ከተነሱ ሰዓቱን አተልቀው እንደገና ይላኩ።