የበቆሎ አገዳውን አታቃጥሉት

ሀዋሳ ዙሪያ መሬት ያላችሁ ወይ ገጠር ቤተሰብ ያላችሁ በናታችሁ ይቺን ስሙኝ፣ በቆሎ ከተሰበሰበ በኋላ አገዳውን ከምሮ ማቃጠል ይቅር። እሳቱ አብዛኛውን ካርቦንና ናይትሮጅን ወደ አየር ነው የሚልከው፣ አፈር ውስጥ ላሉት ባክቴሪያና ፈንገሶች ቀለብ አይተርፍም። እንደኛ ሞቃት ቦታ ደግሞ እነሱ ቶሎ ነው የሚበሉት፣ ሙቀትና እርጥበት ሲገናኝላቸው ያለውን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየቀየሩ ይጨርሱታል፣ ስለዚህ በየዓመቱ ካልተጨመረበት አፈሩ እየሳሳ ይሄዳል። ደጋግሞ ማረስም ያው ነው፣ ጓሉ ሲፈርስ ውስጡ ተደብቆ የነበረው ካርቦን ይጋለጣል።

ለከብትና ለማገዶ የሚያስፈልጋችሁን ውሰዱ፣ የቀረውን ቆራርጣችሁ ማሳው ላይ በትኑት። ግን አገዳ ብቻውን አይበቃም፣ ለ1 ናይትሮጅን 60 ገደማ ካርቦን ስላለው ከአፈር ጋር ሲቀላቀል ማይክሮቦቹ (እነዛ ባክቴሪያና ፈንገሶች) ናይትሮጅኑን ከሰብሉ ይሻሙና ቀጣዩ በቆሎ ቢጫ ይሆንባችኋል፣ ለዛ ነው ፍግ ወይ የቦሎቄ ገለባ አብሮ መጣል ያለበት። ማይክሮቦቹ ሲሞቱ ደግሞ ቅሪታቸው ከሸክላ አፈሩ ጋር ተጣብቆ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ይሄ ነገር ሁሌ ይገርመኛል!

ካላመናችሁኝ የሲዳማ እንሰት ጓሮ ግቡና አንድ እፍኝ አፈር ዘግናችሁ እዩት፣ ፍግና የቤት ጥራጊ ሲጣልበት ስለኖረ ጥቁርና ልል ነው፣ ከቤት ከራቀው ማሳ ጋር አይገናኝም። ትርፍ ኮምፖስት ካላችሁ እዛ ራቅ ወዳለው ማሳ ውሰዱት።