የአሜሪካ በረራ ሰዓት እንዳያሳስታችሁ

አዳማ ሆናችሁ ዘመድ ወደ ዋሽንግተን የምትሸኙ፣ ይቺን ያዙልኝ። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ ቀጥታው መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን በርቀቱ ብቻ ሰዓቱን እንዳትገምቱ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ አውሮፕላኑ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ስለሚከብደው ሲሄድ መሀል ላይ አርፎ ይሞላል። ሲመለስ በቀጥታ ይመጣል፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል።

ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ የየአገሩ ነው፣ ያውም በፈረንጅ አቆጣጠር። 22:30 ተነስቶ በማግስቱ 8:00 ይደርሳል ቢል ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ብላችሁ እንዳትሸወዱ! ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ 7 ሰዓት፣ በቀሪው ጊዜ 8 ሰዓት ጨምሩበት። በ7ቱ ሲሰላ 16 ሰዓት ተኩል ነው። በሰዓቱ መድኃኒት የሚወስዱ እናት ካሉ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ማክሰኞ 00:30 የሚል ካያችሁ በእኛ ሰኞ ሌሊት 6:30 ነው። ስለዚህ ከአዳማ ሰኞ ከሰዓት ውጡ፤ የፍጥነት መንገዱ ቢያፈጥንም አዲስ አበባ ስትገቡ መኪናው አያላውስም።