ሻዩን አታማስሉት፤ ስኳር መቀነስ ላሰባችሁ

ነገሩ የተጀመረው አክስቴ ቤት ነው። ቡና ተፈልቶ፣ ሲኒዎቹ ላይ ስኳር ስታደርግ አየሁና «ለእኔ ይቅር» አልኳት። ቤቱ ጸጥ አለ። ማንኪያውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ፤ «ውይ በሞትኩት! ስኳር ያዘህ እንዴ ልጄ?»

እኛ ጋ እንዲህ ነው። ስኳር የጣፋጩም ስም ነው፣ የበሽታውም። ስኳር እምቢ ያለ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል።

እኔ አልያዘኝም። ሒሳብ ሠርቼ ደንግጬ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ሳይቆለል፣ 4 ግራም ገደማ ነው። አክስቴ በሲኒ ሁለት ታደርጋለች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ስድስት ማንኪያ፣ 24 ግራም። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2015 ያወጣው መመሪያ ደግሞ ምግብና መጠጥ ላይ ከሚጨመር ስኳር (ማርና ጭማቂም አብረው ይቆጠራሉ) የምናገኘው ካሎሪ ከቀኑ 10 በመቶ በታች ይሁን፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች ይውረድ ይላል። ያቺ 5 በመቶ ለአዋቂ ሰው በቀን 25 ግራም ገደማ ናት። ስለዚህ በአንድ ቡና፣ ኬክ ሳልነካ፣ ለስላሳ ሳልከፍት፣ የቀኑን ድርሻዬን ጨርሼ እነሳለሁ ማለት ነው። ጠዋት የጠጣሁት ሻይ አልተቆጠረም። ከሰዓት የሚጠብቀኝ ማኪያቶም አለ።

ብዙ ሰው ስኳር ልቀንስ ሲል መጀመሪያ የሚያባርረው ኬክን ነው። እኔ አይመስለኝም። ኬክ በወር ስንቴ ትበላላችሁ? ኬክ ቢያንስ ሲበላ ይታወቃል፤ ይጸጽታል እንኳ። የሚያጠፋን ሳናስበው የምንጠጣው ነው። ስለዚህ ከመጠጡ ጀምሩ፤ ኬኩን ለጊዜው ተዉት።

መጀመሪያ ለኩ

አፕ ምናምን አያስፈልግም። አዲስ ኪሎ ስኳር ስትከፍቱ ላስቲኩ ላይ ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፉ። ሲያልቅ ቁጠሩ። አንድ ኪሎ 250 ማንኪያ ነው። አራት አዋቂ ያለበት ቤት እያንዳንዱ በቀን 25 ግራም ቢጠቀም ኪሎው 10 ቀን ይቆያል። እኛ አራት ነን፤ በአምስተኛው ቀን አለቀ። እንግዳ መጥቶ ነበር ብለን ራሳችንን አጽናናን። ሁለተኛውም ኪሎ አምስት ቀን። ያውም ውጭ የምንጠጣው ሳይቆጠር።

(ስኳር ከሸማቾች ሱቅ ተሰልፈን በኮታ የወሰድንበት ጊዜ ስለነበረ ይመስለኛል፣ ስኳር ቤት ውስጥ መኖሩ ራሱ የሙላት ምልክት ሆኖብናል። ለእንግዳ አንድ ማንኪያ ማድረግ እንደ ንፉግነት ይቆጠራል። ይህን ስሜት በአንድ ሳምንት አታሸንፉትም፤ ከራሳችሁ ብርጭቆ ጀምሩ።)

ሻይና ቡና

ሻይ ቤት ስትገቡ ልብ በሉ። ሻዩ ሲመጣ ስኳሩ ብርጭቆው ሥር ተኝቷል፣ ማንኪያው ቆሞበታል። ስንት ይሁን ብሎ የጠየቃችሁ የለም። እንግዲህ አታማስሉት። በቃ፣ ይኸው ነው። ወይም አንዴ ብቻ ዞር አድርጉትና ተዉት። ትንሽ ትንሽ ራሱ ይሟሟል፤ ጨርሳችሁ ሥሩ ላይ የቀረውን ስታዩ ነው የሚገርማችሁ። ይህንን ሁለት ሳምንት ካደረጋችሁ በኋላ ስታዙ መናገር ጀምሩ፦ «ስኳሩን ለብቻ»። ቀድማችሁ ተናገሩ፤ አስተናጋጁ ከዞረ በኋላ ከሆነ ገብቷል።

ቤት ውስጥ ደግሞ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ። ከሦስት ማንኪያ ወደ ዜሮ በአንድ ጀንበር የዘለለ ሰው አውቃለሁ፤ እኔው ነኝ። አራት ቀን ቆየሁ። በአምስተኛው ቀን ማታ አንድ ትልቅ ለስላሳ ብቻዬን ጨርሼ፣ ላዩ ላይ ብስኩት ጨመርኩበት። ግማሽ ማንኪያ ግን ምላስ ብዙም አይነቃበትም። ሦስት የሚጠጣ ሰው በስድስት ሳምንት ዜሮ ይደርሳል፤ አንድ ላይ መቆም የሚፈልግም አንድ ላይ ይቁም፣ ችግር የለም። እኔ አሁን የድሮውን ሻይዬን ስቀምሰው የሳል ሽሮፕ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ስኳሩን ስታወጡ ቦታውን ባዶ አትተዉት። ሻይ ላይ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄል ጨምሩ፤ ቀረፋ በተለይ ጣፋጭ ሳይሆን ጣፋጭ የሚል ሽታ አለው። ዝንጅብል ደግሞ ያቃጥልና አፍን ሥራ ያስይዛል። ቡና ላይ ጤና አዳም ጣል አድርጉ። በጨው የሚጠጣ የገጠር ዘመድ ያላችሁም ጠይቁት፤ ቢስቅባችሁም ያስተምራችኋል።

ደግሞ ብዙ ጊዜ ስኳር የምንቆልለው አሠራሩን ስላበላሸነው ነው። ቅጠሉ ከውሃው ጋር ግማሽ ሰዓት ሲንተከተክ የዋለ ሻይ ይመራል፣ አፍ ያደርቃል፤ ያለ ስኳር አይጠጣም። ውሃውን ከቅመሙ ጋር በደንብ አፍሉት፣ ቅጠሉን መጨረሻ ላይ ጨምሩና ሦስት አራት ደቂቃ ቆይታችሁ አጥልሉት። ቡናም እንደዚያው። ሲቆላ ካረረ ከሰል ነው፤ ከሰል ደግሞ በስኳር እንጂ በባዶው አይዋጥም። ቡናማ ሲሆን አውርዱት። ጥሩ የተቆላ ቡና ያለ ስኳር የራሱ ጣዕም አለው፤ ይህንን ያወቅኩት በዚህ ዕድሜዬ መሆኑ ያሳፍረኛል፣ ያውም የቡና አገር ልጅ ሆኜ።

ቡናንና ስኳርን በአንድ ቀን ለመተው ግን አትሞክሩ። ቡና በድንገት ያቆመ ሰው ራሱን ያመዋል፤ ምክንያቱ ቡናው ውስጥ ያለው ካፌይን ነው። ከዚያ «ስኳር ማቆም አሳመመኝ» ብላችሁ ሁለቱንም ትመልሳላችሁ።

ለስላሳ፣ ጁስ፣ ማር

ለስላሳ ላይ ብዙ አላወራም። መደበኛ ኮላ በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ገደማ ስኳር አለው። 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ማለት ሰባት ስምንት ማንኪያ ነው። ሻያችሁ ላይ ስምንት ማንኪያ የሚያደርግ ሰው ብታዩ ምን ትሉታላችሁ? ለስላሳ ያማራችሁ ቀን ራሳችሁን ጠይቁ፦ የሚናፍቀኝ ስኳሩ ነው ወይስ ጋዙ? እኔ ጋዙ ሆኖ አገኘሁት። አምቦ ውሃ ቀዝቀዝ ብሎ ሎሚ ሲጨመቅበት ከምግብ ጋር ይበቃኛል። መጀመሪያ ላይ ከከበዳችሁ ግማሽ አምቦ ግማሽ ለስላሳ ቀላቅሉ፣ ከዚያ የለስላሳውን እያሳነሳችሁ ሂዱ።

ጁስ ቤት ግን ብዙ ሰው ይታለላል። ፍራፍሬ ነው ብሎ ስፕሪስ ያዛል፤ ላዩ ላይ ቀይ ሽሮፕ ይንጠፈጠፍበታል። አቮካዶ በራሱ ስኳር የለውም ማለት ይቻላል፤ ጁሱ የጣፈጠው መፍጫው ውስጥ በገባው ስኳር ነው። «ያለ ስኳር፣ ሎሚ በደንብ ጨምቅበት» በሉ። ልጁ ሁለቴ «ያለ ስኳር?» ብሎ ይጠይቃችኋል፤ ጽኑ። የብርቱካን ጭማቂም ቢሆን አራት ብርቱካን ነው፤ አራት ብርቱካን ቁጭ ብሎ የሚልጥና የሚበላ ማን አለ? አንዱን ልጣችሁ ብሉት፤ ቃጫው ሆድ ይሞላል።

ማርን በተመለከተ እንዳትቀየሙኝ። ማር 80 በመቶ ገደማው ስኳር ነው። ከስኳር ስለሚከብድም አንድ የሻይ ማንኪያ ማር 7 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ስለዚህ በማንኪያ ስትለኩ ከስኳር የበለጠ ስኳር እየጨመራችሁ ነው። ጣዕሙን ከወደዳችሁ ብሉት፤ ጤና ነው ብላችሁ ተልባውም አብሹም ላይ አታፍስሱት። በሶም በስኳር ብቻ አይደለም የሚበጠበጠው፤ በጨውና በበርበሬ የሚጨበጠው ምን ጎደለው?

አምሮቱ ሲመጣ

አሁን ወደ ከባዱ። ቀን 10 ሰዓት ላይ ቢሮ ተቀምጣችሁ፣ እዚያ ታች ያለው ሱቅ ውስጥ ያለው ብስኩት በስም ሲጠራችሁ።

መጀመሪያ ራሳችሁን ፈትኑ፦ አሁን ሽሮ በእንጀራ ቢቀርብልኝ እበላለሁ? መልሱ አዎ ከሆነ የጣፋጭ አምሮት አይደለም፣ ርቧችኋል። ብሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የተፈጸመው ጠዋት ነው። ሻይ በዳቦ በልቶ የወጣ ሰው 5 ሰዓት ላይ ሆዱ ባዶ ነው፤ ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው ደግሞ ጎመን አያምረውም፣ ቦምቦሊኖ እንጂ። እንቁላል፣ ፉል፣ ቅንጬ፣ የአጃ ገንፎ፣ ወይ ከትናንት የተረፈ ምስር ፍትፍት በልታችሁ ውጡ። እኔ ከሁሉም በላይ የሠራልኝ ይኼ ነው። ጠዋት እንቁላል መብላት ከጀመርኩ ወዲህ የ10 ሰዓቱ ብስኩት በሳምንት አምስት ቀን መጣራቱን ትቶ አንድ ሁለቴ ሆኗል።

መልሱ «ሽሮስ አልበላም፣ ጣፋጭ ነው የምፈልገው» ከሆነ ደግሞ ልማድ ነው፣ ወይ ድካም። ማታ በደንብ ያልተኛ ሰው በማግስቱ የምግብ ፍላጎቱ እንደሚጨምር የታወቀ ነው፤ በስኳር ሊነቃ ይሞክራል። ውሃ ጠጡ፣ ተነሡ፣ ደረጃውን ወርዳችሁ ውጡ፣ ሃያ ደቂቃ ስጡት። ሃያ ደቂቃ ካለፈ በኋላም ከፈለጋችሁት ብሉት እንጂ፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስልክ ይደወልና ይረሳል። መሳቢያ ውስጥ ቆሎ ይኑር። ገብስ፣ ሽንብራ፣ ኦቾሎኒ፤ እጅንም ጥርስንም ሥራ ያስይዛል። ማታ ቴሌቪዥን ፊት ለሚመጣው አምሮት ደግሞ ጥርስ መቦረሽ ነው። ሞኝነት ይመስላል፣ ግን ከጥርስ ሳሙና በኋላ ከረሜላ ማን ያምረዋል።

ጾም ላይ ነገሩ ይጠማዘዛል። ወተት ስለቀረ ማኪያቶው በሻይ ይተካል፣ ሻዩ በስኳር። 9 ሰዓት ላይ በባዶ ሆድ ጾም በለስላሳ የሚፈታ ሞልቷል። የጾም ኬክ የሚባለውም ቅቤና እንቁላሉ ቀረ እንጂ ስኳሩ የትም አልሄደም። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሽሮና ምስር ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችሁ፣ መጀመሪያ ምግቡን ብሉ። ረመዳን ላይም ሦስት ቴምርና ውሃ፣ ከዚያ ሾርባ፤ ባለቀለሙ ጣፋጭ መጠጥ ነው መዘዙ።

ኬኩስ? ብሉት። ግን ቁጭ ብላችሁ፣ በሳህን፣ የምትወዱትን ዓይነት አንድ ቁራጭ ገዝታችሁ። በካርቶን ቤት አታስገቡ። ቤት የገባ ኬክ ሌሊትም ይበላል።

አሁን ቀልድ የሌለበት ነገር። የስኳር ሕመም ኖሮባችሁ ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ እንክብል የምትወስዱ ከሆነ፣ አመጋገባችሁን ከመቀየራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። መድኃኒቱ እንደነበረ ሆኖ ምግቡ ሲቀንስ ስኳር ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ ላብ ካላችሁ፣ ካንቀጠቀጣችሁ፣ ግራ ካጋባችሁ ሦስት አራት ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ወዲያው ጠጡ፤ ከረሜላ ከኪሳችሁ አይጥፋ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት። ስኳር አልባ ማጣፈጫን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2023 ክብደት ለመቆጣጠር ብላችሁ አትጠቀሙበት ብሏል፤ ይህ ምክር ግን የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም። እኔ ደግሞ የምላስን ልማድ ስለማይቀይር አልወደድኩትም።

የቀረው ሰዉ ነው። ሰው ቤት ስትሄዱ ማብራሪያ አትስጡ፤ ግራም ምናምን ብትሉ ማንም አይሰማችሁም። «ጥርሴን እያመመኝ ነው» ማለት ይሠራል፤ የጥርስ ሕመም ሁሉም ያውቃል። ውሸት የማትወዱ ተደራደሩ፦ አቦሉን በስኳር፣ ቶናውንና በረካውን ያለ ስኳር። ባለቤቷም አልተከፋች፣ እናንተም ከስድስት ወደ ሁለት ወረዳችሁ። እኔ ከአክስቴ ጋር የተስማማሁት እንዲህ ነው። አሁን ስኳሩን በትንሽ ሳህን ለብቻ አድርጋ ታቀርብልኛለች። ባለፈው እሑድ ግን ሰው ሲወጣ ጠጋ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለመሆኑ ተመርምረህ ነው?» አለችኝ።