ላሙ ከመሄዳችሁ በፊት የባሕሩን ሰዓት እዩ

የኬንያዋን ላሙ ደሴት ለማየት ያሰባችሁ፣ ከሆቴል ዋጋ በፊት ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚሸሽበትን ሰዓት እዩ። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ማንዳ በምትባለው ጎረቤት ደሴት ነው፤ ከዚያ በጀልባ ትሻገራላችሁ። የሚዋኝበት ሰፊ አሸዋ ያለው ደግሞ ሼላ መንደር ነው፤ ከከተማው በእግር 40 ደቂቃ ገደማ። ውሃው ሲሸሽ ዳር ዳሩን መሄድ ደስ ይላል። ሲሞላ ግን መንገዱን ይውጠዋል። ያኔ ጀልባ ያዙ፣ ዋጋውንም ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ።

አሮጌው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2001 በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው። መንገዱ ጠባብ፣ ጭነቱም በአህያ ነው፤ ከኋላ ኮቴ ስትሰሙ ግድግዳውን ተጠጉ። የተቀረጹትን የእንጨት በሮች ቀረብ ብላችሁ እዩልኝ! ነዋሪው ባብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ ከተማ ውስጥ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ።