የተደፋ የጉንዳን ማጥመጃ እንዴት ይጸዳል?

የጉንዳን ማጥመጃ ተንኮለኛ ነገር ነው። መርዙ ከጣፋጭ ወይም ከቅባት ጋር ተደባልቋል። ቶሎ አይገድልም። ጉንዳኗ ጎሬዋ ድረስ ወስዳ ለሌሎቹ እንድታካፍል ጊዜ ይሰጣታል። ሲደፋ የሚያስቸግረውም ይኸው ጣፋጭነቱ ነው። ያጣብቃል፣ ህፃንና ውሻም ይስባል።

እኔ አንድ ምሽት ፈሳሹን ማጥመጃ በእግሬ ገጭቼ ደፋሁት። ቢበዛ ሁለት ማንኪያ ቢሆን ነው። ወዲያው ባልዲና መወልወያ አምጥቼ ወለሉን ወለወልኩት፣ አበራ፣ ተኛሁ። ጠዋት ካልሲዬ ወለሉ ላይ ይጣበቃል። ጉንዳኖቹ ደግሞ ከኩሽና አልፈው ኮሪደሩ ላይ ተሰልፈዋል። ሁለት ማንኪያ የነበረውን ለሁለት ክፍል አዳርሼው ነበር።

ስለዚህ ውሃውን ለጊዜው እርሱት።

መጀመሪያ ልጆችንና የቤት እንስሳትን ከክፍሉ አስወጡና በሩን ዝጉ። የላስቲክ ጓንት አድርጉ። የደፋችሁት ዱቄት ከሆነ ማራገቢያውን አጥፉ። ማሸጊያውን አትጣሉት። ፈሳሾቹ ብዙ ጊዜ ቦራክስ አለባቸው፣ ጄሎቹ ደግሞ እንደ ፊፕሮኒል ያለ ሌላ መርዝ ሊኖራቸው ይችላል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው እኔ ከምለው ከተለየ፣ የእሱን ስሙ።

አሁን ፈሳሹ። ደረቅ ሶፍት ደራርባችሁ ከላዩ ጣል አድርጉበትና እስኪጠጣው ጠብቁ። አትሹት! መፈተግ ማለት መቀባት ማለት ነው። ሁልጊዜ ከዳር ወደ መሃል ሂዱ፤ ከመሃል ከጀመራችሁ ክቡን ታሰፉታላችሁ። ሶፍቱ ሲርስ በቀጥታ ወደ ፌስታል ይግባ፣ ሌላ ደረቅ አምጡ። በሴራሚኩ መገጣጠሚያ ውስጥ የገባውን በሶፍት ጫፍ ተጭናችሁ አውጡት። ስትጫኑት ሶፍቱ ደርቆ ሲመለስ ያኔ ውሃ ይመጣል።

ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ የሚጣል ጨርቅ። እንደገና ከዳር ወደ መሃል። ጨርቁን ባልዲው ውስጥ መልሳችሁ አትንከሩት፤ ከነከራችሁት የምትወለውሉት በመርዝ ውሃ ነው። አዲስ ጨርቅ ይዛችሁ ድገሙት፣ በንጹህ ውሃ አለቅልቁት፣ አድርቁት። በጓንቱ ጣት ስትነኩት ከያዘ ገና ነው። ሳሙናው ጉንዳኖቹ እየተከተሉ የሚመጡበትን የሽታ መንገድም ያጠፋል። ማግስቱን በዚያው ቦታ ከተሰበሰቡ የቀረ ነገር አለ ማለት ነው። ከእነሱ የተሻለ ተቆጣጣሪ የለም።

ምንጣፍ ላይ ከሆነ ያው ነው፣ ግን ውሃ አታፍስሱበት፣ መርዙን ወደ ታች ይዞት ይወርዳል። በረጠበ ጨርቅ ደጋግማችሁ እየተጫናችሁ አንሱት። ምንጣፉን ገልጣችሁ ሥሩን እዩ። እስኪደርቅ ህፃን አይዳህበት።

ዱቄቱን በመጥረጊያ አትጥረጉ፣ በቫኪዩምም አትሳቡ። መጥረጊያ አቧራውን ያስነሳል። ቫኪዩም ደግሞ ደቃቁን በጀርባው መልሶ ሊተፋው ይችላል፣ ማሽኑም ይበከላል። እርጥብ ሶፍት ይበቃል። እንደ ፍርፋሪ ያለውን በሁለት ቁራጭ ካርቶን ዝገኑት።

በረኪና የሚያፈሱ ሰዎች አሉ። አልስማማም። ቦራክስ ማዕድን ነው፣ በረኪና አያጠፋውም። ይባስ ብሎ በረኪና አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ወይም ከአሲድ ጋር ከተገናኘ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የተሰበሰቡትን ጉንዳኖች የሚነፋ መርዝ አትርጩባቸው፤ ከሌላው ማጥመጃችሁም ያሸሻቸዋል።

የነካው ክፍት ምግብ ይጣል፣ ዕቃ በሳሙና ይታጠብ። የጸዳበትን ሁሉ ከነጓንቱ በፌስታል ቋጥራችሁ፣ በሌላ ፌስታል ደግማችሁ፣ ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ክተቱ። መጸዳጃ ቤት ውስጥም ደጅም አትድፉት። ፊፕሮኒል ዓሣንም ንብንም ይጎዳል። የነካውን ልብስ ለብቻ እጠቡ። ጓንት አድርጌ ነበር ብላችሁ እጃችሁን ሳትታጠቡ እንዳትቀሩ።

ዓይን ከገባ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በንጹህ ውሃ ማጠብ ነው። ሰው ከዋጠው እንዲያስመልስ አታድርጉት፤ ማሸጊያውን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። መተንፈስ ካቃተው ወይም ካንቀጠቀጠው ድንገተኛ ክፍል ነው፣ አንድ ደቂቃም አትቆዩ። ውሻ ከላሰው የእንስሳት ሐኪም ይጠራ።

አዲሱን ማጥመጃ እጅ ከማይደርስበት ጥግ በፕላስተር አጣብቄዋለሁ። አንዳንዴ ሳልፍ በእግሬ ነካ አደርገዋለሁ። እስካሁን አልተንቀሳቀሰም።