ደም ውስጥ ወርቅ ራቁቱን አይሄድም፦ የደም ፕሮቲንና ናኖ ቅንጣት ስናጠና የምንሠራቸው ስህተቶች

የወባን ፈጣን መመርመሪያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የእርግዝናውንስ? ብቅ የምትለው ቀይ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ወርቅ ናት። ወርቅ በናኖሜትር እስኪለካ ድረስ ሲደቅ ቢጫነቱን ትቶ ቀይ ይሆናል። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በየቅንጣቱ ላይ ደግሞ ፕሮቲን ተለጥፏል። ፕሮቲኑ ወርቁን አጥብቆ ባይዝ ኖሮ መስመሯም አትኖርም።

ደም ውስጥም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ የሚለጠፈውን ፕሮቲን እኛ አለመምረጣችን ነው። ቅንጣቱ ደም እንደነካ ወዲያው ፕሮቲን ይለብሳል። እነ ሳራ ሊንሴና ኬኔት ዳውሰን በ2007 ባወጡት ጥናት ይህን ልብስ «ፕሮቲን ኮሮና» ብለውታል። ኮሮና በላቲን አክሊል ማለት ነው፤ ቫይረሱም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው። ሴሎች የሚያገኙት ልብሱን እንጂ ወርቁን አይደለም። ይህን የዘነጋ ሰው ወራት ያቃጥላል። እኔም አቃጥያለሁ። ላብራቶሪ ገና ለምትገቡ ተማሪዎች ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው።

ጨው የሠራውን ፕሮቲን ሠራው ማለት

መጀመሪያ ሰሞን አልቡሚንን፣ ደም ውስጥ በብዛት የሚገኘውን ፕሮቲን፣ በፎስፌት ባፈር (ፒኤችን የሚጠብቅ ጨዋማ ፈሳሽ) በጥብጬ ቀዩ ወርቅ ላይ ጨመርኩ። ወዲያው ወደ ሰማያዊ ተለወጠ። ፕሮቲኑ ቅንጣቶቹን አያያዛቸው ብዬ ደስ አለኝ፤ ማስታወሻ ደብተሬም ላይ ጻፍኩት። ከሳምንታት በኋላ አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ «ባፈሩን ብቻውን ጨምረህ አይተሃል?» አለችኝ። አላየሁም ነበር። ስሞክረው ያለ ፕሮቲንም ሰማያዊ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሲትሬት (የሲትሪክ አሲድ ጨው) የተሠራ ወርቅ ላዩ ላይ ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው። ቅንጣቶቹ እየተገፋፉ ተራርቀው ይኖራሉ። የባፈሩ ጨው ያንን መገፋፋት ይሸፍነዋል። ያኔ ይጠጋጋሉ፣ ይከማቻሉ፣ ቀለሙም ይዞራል። ፕሮቲን እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚሠራው ተቃራኒውን ነው፤ ቀድሞ ከለበሰ ቅንጣቱን ከጨው ይጠብቀዋል። ሪቻርድ ዚግሞንዲ፣ የ1925 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸላሚው፣ በ1901 ፕሮቲኖችን ያወዳደረው በዚሁ ነበር፤ የትኛው ወርቁን ከጨው ይበልጥ እንደሚጠብቅ በመለካት። ስለዚህ መጀመሪያ ፕሮቲኑን ጨው በሌለበት ወይም ባነሰበት ውሃ አልብሱት። ጨዉ ከዚያ ይምጣ። ባፈር ብቻ ያለበት ቱቦም ሁልጊዜ ከጎን ይቀመጥ።

«ሁለቱም ኔጌቲቭ ናቸው፣ አይገናኙም»

ይገናኛሉ። አልቡሚን በደም ፒኤች በጥቅሉ ኔጌቲቭ ነው፤ ግን ላዩ ላይ ፖዘቲቭ ሰፈሮች አሉት፣ ድኝ ያላቸው አሚኖ አሲዶችም አሉት። ጠቅላላ ቻርጅ ብቻ አይቶ መፍረድ አያዋጣም።

አልቡሚንን ደም አድርጎ መቁጠር

አልቡሚን ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይገኛል፣ በአንድ ሊትር ፕላዝማ (ሴሎቹ የተለዩለት የደም ፈሳሽ) ውስጥም ከ35 እስከ 50 ግራም አለ። ስለዚህ ብዙዎቻችን በእሱ እንጀምራለን። መጀመሩ ጥፋት የለውም፤ እዚያው ቀርቶ «በደም ውስጥ እንዲህ ይሆናል» ማለት ነው ችግሩ። የደም ተመራማሪው ሊዮ ቭሮማን በ1962 እንዳሳየው፣ መጀመሪያ አንድ ገጽ ላይ ያረፈው ፕሮቲን እዚያው አይቀርም። ብዛት ያለው ቀድሞ ይደርሳል፤ ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ አያያዙ የጠነከረው ቆይቶ መጥቶ ያስነሳዋል። ዛሬ ይህ ክስተት በስሙ ይጠራል።

ሴረምና ፕላዝማንም አትቀላቅሉ። ሴረም ደሙ ረግቶ የቀረው ፈሳሽ ስለሆነ ፋይብሪኖጅን፣ ደም የሚያረጋው ፕሮቲን፣ የለውም። ሴል የምናሳድግበት 10 ከመቶ የጥጃ ሴረምም የሰው ደም አይደለም። ፕሮቲኑ ሲሳሳ ልብሱም ይለወጣል።

የፍሎረሰንስ መደብዘዝን እንዳለ ማመን

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ በብዛት የማየው ስህተት ይህ ነው። የሰው አልቡሚን ትሪፕቶፋን የሚባለው ብርሃን የሚመልስ አሚኖ አሲድ አንድ ብቻ አለው፣ 214ኛው ቦታ ላይ። በአልትራቫዮሌት ስናበራበት 340 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ይመልሳል። ወርቅ ስንጨምር ብርሃኑ ይደበዝዛል። ከዚያ ግራፍ ይሠራል፣ የመያያዣ ቁጥር (ሁለቱ ምን ያህል አጥብቀው እንደተያያዙ የሚነግር) ይወጣል፣ ጽሑፉ ይላካል።

ግን ወርቁ ራሱ ብርሃን ይውጣል። የምናበራውንም፣ ተመልሶ የሚወጣውንም። አንዲት ቅንጣት ፕሮቲኑን ሳትነካው መብራቱ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ጥቁር መነጽር እንዳጠለቅን ማለት ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ናሙና አብዞርባንስ (የሚውጠውን ብርሃን መጠን) ለኩና ቁጥሩን አስተካክሉ። ሳይስተካከል የወጣውን የመያያዣ ቁጥር እኔ አላምነውም።

ሁለተኛው ጣጣ ስሌቱ ላይ ነው። የመያያዣ ቁጥሩን የምናወጣበት ቀመር የተሠራው ትንሽዬ ሞለኪውል ትልቅ ፕሮቲን ላይ ስታርፍ እንዲያገለግል ነው። እዚህ ነገሩ ተገልብጧል። አልቡሚን ወደ 8 ናኖሜትር ነው፤ ወርቃችን 20 ናኖሜትር ከሆነ ትልቁ እሱ ነው። ላዩ ላይ በርካታ ደርዘን አልቡሚን ይሰፍራል። «አንድ ፕሮቲን ላይ አንድ የወርቅ ማረፊያ አለ» ብሎ መጻፍ ዝንብ ላይ በሬ አረፈ እንደማለት ነው።

ጥቂት ትልልቆችን ብዙ አድርጎ ማየት

መጠን የምንለካበት የብርሃን ብተና መሣሪያ ለትልቅ ነገር ያደላል። ለእንዲህ ትንንሽ ቅንጣቶች፣ ስፋቱ 10 እጥፍ የሆነ ነገር ሚሊዮን እጥፍ ብርሃን ይበትናል። ጥቂት ጉድፍ ሙሉውን ውጤት ያበላሻል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕም እዩት።

ብር እንደ ወርቅ አይደለም

ብር ውሃ ውስጥ ቀስ እያለ ይሟሟል። የሚወጣው የብር አዮን በፕሮቲን ውስጥ ያለ ድኝን አጥብቆ ይይዛል፣ ከጨው ክሎራይድ ጋርም ይዘቅጣል። ታዲያ ፕሮቲኑን የለወጠው ቅንጣቱ ነው ወይስ አዮኑ? ለመለየት ቅንጣት የሌለው፣ የብር አዮን የሚሰጥ የብር ናይትሬት ብቻ ያለበት ቱቦ ያስፈልጋል። ያረጀ የብር ናሙና ስትጠቀሙም ቀኑን መዝግቡ፤ የዛሬ ወሩና የዛሬው አንድ አይደሉም።

ልብሱን እንደ ጠላት ብቻ ማየት

ጉዳት አለ፣ እውነት ነው። በ2011 በወጣ ጥናት ፖሊአክሪሊክ አሲድ የሚባል ፖሊመር የተቀባ ትንሽ የወርቅ ቅንጣት ፋይብሪኖጅንን እንደሚፈታው ታይቷል። የተፈታው ፕሮቲን ሴሎች ላይ ያለ ተቀባይን ነክቶ የብግነት ምልክት ያስነሳል። በሌላ በኩል፣ ፕሮቲን እንዳይለጠፍ፣ ሴሎችም እንዳይውጡት ብለን ቅንጣቱን ፒኢጂ (ፖሊኢትሊን ግላይኮል የሚባል ፖሊመር) እንቀባዋለን። በ2016 ተመራማሪዎች ፒኢጂ የተቀቡ የፕላስቲክ ቅንጣቶችን ያለ ደም ፕሮቲን ለሴል ሲሰጡ ሴሎቹ ይበልጥ ዋጧቸው። ክለስተሪን የሚባል የደም ፕሮቲን ሲለብሱ ግን የሚዋጡት ቀነሰ። ልብሱ አንዳንዴ ይጠቅመናል ማለት ነው።