በአየርላንድ ግንብ ሆቴል ሰርግ ሲደገስ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማዮ አውራጃ ያለው አሽፎርድ ካስል እ.ኤ.አ. በ1228 ተመሠረተ፤ ሆቴል የሆነው በ1939 ነው። እንዲህ ያለ ግንብ ሲሠራ የታሰበው መከላከያ እንጂ 150 ሰው ማስጨፈር አልነበረም። ጣጣው የሚጀምረው ሙሽሮች እንደ ተራ አዳራሽ ሲቆጥሩት ነው።

ቀብድ ከፍሎ ሕጉን መርሳት

አየርላንድ ውስጥ በሕግ የሚጸና ጋብቻ ለመፈጸም ቢያንስ ከ3 ወር በፊት ለሲቪል መዝጋቢ ማስታወቅ ግዴታ ነው፤ ክፍያው 200 ዩሮ። ውጭ አገር የሚኖሩ ጥንዶች በፖስታ ለማስታወቅ መጠየቅ ይችላሉ፤ ሆኖም ከሰርጉ ቢያንስ 5 ቀን ቀደም ብለው መዝጋቢው ፊት በአካል መቅረብ አለባቸው። የሚሰጣቸው የጋብቻ መመዝገቢያ ቅጽ የሚያገለግለው ለ6 ወር ነው። የመንግሥት መዝጋቢዎች ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ ስለሚያጋቡ፣ ቅዳሜን የመረጠ ሰው ሕጋዊ ፈቃድ ያለው የሃይማኖት አባት ወይም ሌላ አጋቢ ቀድሞ መያዝ ይኖርበታል። ወረቀቱን በሚኖሩበት አገር ጨርሰው ድግሱን ብቻ ወደ ግንቡ የሚያመጡ ከዚህ ሁሉ ይገላገላሉ።

የሼንገን ቪዛ ይበቃል ማለት

አይበቃም። አየርላንድ ሼንገን ውስጥ የለችም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዙ አክስት የሼንገን ቪዛ ቢኖራቸውም የአየርላንዱን ለብቻው ማውጣት አለባቸው። ጥሪው ቶሎ ይላክላቸው።

«200 ሰው ይይዛል» የሚለውን እንዳለ መቀበል

የትኞቹን 200? ቆመው መጠጥ የያዙትን ነው ወይስ ተቀምጠው የሚበሉትን? 10 ሰው የሚያስቀምጥ 1.8 ሜትር ክብ ጠረጴዛ ከወንበሮቹና ከአስተናጋጅ መተላለፊያው ጋር 3.5 ሜትር በ3.5 ሜትር ገደማ ይወስዳል። በዚያ ላይ ባንዱና መጨፈሪያው አለ። አዳራሹ አንድ ብቻ ከሆነ ከራት በኋላ ጠረጴዛ እስኪነሳ እንግዳው የት ይቆማል? የጠረጴዛ አቀማመጥ ንድፍ ሳያዩ አይፈርሙ። ጠመዝማዛውን የድንጋይ ደረጃም ረጅም ቬሎ የለበሰችው ሙሽራና ምርኩዝ የያዙት አያት እንዴት እንደሚወጡት አስቀድመው ያጣሩ፤ አሳንሰር በየፎቁ አይገኝም።

የክረምቱን ፀሐይ አለማስላት

(ሰዓቶቹ በአየርላንድ አቆጣጠር ናቸው።) በምዕራብ አየርላንድ ሰኔ አጋማሽ ላይ እስከ 22:00 ብርሃን አለ፤ በአገሩ ክረምት፣ ታኅሣሥ ላይ ግን 16:20 ገደማ ይጨልማል። ሥነ ሥርዓቱ 14:00 ተጀምሮ 14:45 ቢያልቅ፣ የእንኳን ደስ አላችሁ ሰልፍ ግማሽ ሰዓት ይበላል፤ ለፎቶ የሚቀረው ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። በክረምት ከ12:30 ባይዘገይ ይሻላል። ዝናቡ በየትኛውም ወር ስለማይታመን ለሜዳው ሥነ ሥርዓት የቤት ውስጥ ምትክ ቦታው በውሉ ይጻፍ። ዋተርፎርድ ካስልን የመረጡ ደግሞ ሌላ ሰዓት ይጨምሩ፤ ግንቡ ሹር ወንዝ ውስጥ ባለ ደሴት ላይ ስለሆነ እንግዳው ከነመኪናው የሚሻገረው በጀልባ ነው።

ስለ ድምፅና ስለ ግድግዳው አለመጠየቅ

ብዙ ግንቦች በሕግ የተጠበቁ ቅርሶች ናቸው፤ ምስማር፣ ማጣበቂያና ክፍት ሻማ ሊከለከሉ ይችላሉ። ከዚህ የባሰው የድምፅ መገደቢያው ነው። በአንዳንድ አዳራሾች የተተከለው ይህ መሣሪያ ድምፁ ከገደቡ አልፎ ለጥቂት ሰከንድ ከቆየ የመድረኩን ኤሌክትሪክ ይቆርጣል። ገደቡ 90 ዴሲቤል ቢሆን፣ ያለ ማጉያ የሚመታ ድራም ብቻውን ያልፈዋል። ጭፈራው መሐል ላይ ጸጥ ይላል፤ የባንዱም መሣሪያ ሊበላሽ ይችላል። ቁጥሩን ባንድ ከመቅጠርዎ በፊት ይጠይቁ፤ ኤሌክትሮኒክ ድራም ብዙ ጊዜ ችግሩን ይፈታል። ወፍራሙ ግንብ የገመድ አልባ ማይክንም ምልክት ስለሚያዳክም ንግግር ከመጀመሩ በፊት ይሞከር።

የራስን ወይን ማምጣት ሁሌም ይረክሳል ብሎ ማሰብ

ሆቴሉ በየጠርሙሱ የመክፈቻ ክፍያ ይጠይቃል። አንድ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 5 ብርጭቆ ይወጣዋል። ለአንድ ሰው ሁለት ብርጭቆ ቢታሰብ ለ100 እንግዳ 40 ጠርሙስ ነው፤ ክፍያውን በ40 አባዝተው ከሆቴሉ ዋጋ ጋር ያስተያዩ።

ጾመኛን «ቬጀቴሪያን» ብሎ ማስመዝገብ

አየርላንድ ውስጥ ዓርብ ተፈላጊ የሰርግ ቀን ነው፤ ኦርቶዶክስ እንግዳ ካለ ከበዓለ ሃምሳ ውጭ ይጾማል። የወጥ ቤቱ የአትክልት ሾርባና የተፈጨ ድንች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቅቤና ክሬም አያጣም። «ቬጋን» ብለው ያዝዙ፤ ዓሣ የሚበሉትንና የማይበሉትንም ለይተው ይጻፉ።